የሞተው ዲስክ የትኛው ነው?

«ኤስዲኬ የተባለው ዲስክ ተበላሽቷል።» ለሌሊት ተረኛው የደረሰው መልእክት ይህ ብቻ ነው እንበል። ተረኛው ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሲገባ ግን የሚጠብቁት 60 ሃርድ ዲስኮች ናቸው፤ ሁሉም አንድ መልክ። በአንዳቸውም ላይ «ኤስዲኬ» ተብሎ አልተጻፈም። ስሙን ያወጣው ሊኑክስ ነው፤ ያውም ማሽኑ ሲነሣ ዲስኮቹን ባገኛቸው ተራ እንጂ በተቀመጡበት ቦታ አይደለም። ማሽኑ ነገ ጠፍቶ ቢበራ ያው ዲስክ በሌላ ስም ሊጠራ ይችላል።

ተረኛው ገምቶ ቢነቅልስ? ጉዳቱን ለመረዳት ዲስኮቹ እንዴት እንደሚጣመሩ ማየት ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1988 ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የተባሉ የበርክሊ ተመራማሪዎች ሬይድ የሚባለውን ስልት በጽሑፍ አቅርበው ነበር። ብዙ ርካሽ ዲስኮች ይጣመራሉ፤ አንዱ ቢሞት የያዘው መረጃ ከቀሩት ላይ በስሌት እንዲገኝ ተጨማሪ ቁጥር አብሮ ይቀመጣል። ሬይድ 5 በተባለው ዓይነት አንድ ዲስክ ቢጠፋ ሥራው ይቀጥላል። ምትኩ ዲስክ በመረጃ ሳይሞላ ሁለተኛው ከተነቀለ ግን ሁሉም ይቆማል። ዕድል ካለ ጤነኛውን መልሶ በመሰካት ይድናል፤ ዕድል ከሌለ ሊጠግን የመጣው እጅ ከብልሽቱ የከፋ ጥፋት ሠራ ማለት ነው።

ነገሩ በየቀኑ አይገጥምም የሚል ይኖር ይሆናል። ከዓመት እስከ ዓመት ከ100 ዲስኮች አንዱ ይሞታል ብለን ብናስብ እንኳ፣ 10,000 ዲስክ ያለው አዳራሽ በሳምንት ሁለት ያህል ይቀብራል።

መፍትሔው በየዲስኩ መሳቢያ ላይ ያለ መብራት ነው። ብዙ ሰው መብራቱን ዲስኩ ራሱ የሚያበራው ይመስለዋል። የሞተ የራሱን መርዶ አይናገርም! የብልሽት መብራቱን የሚያዘው በሰርቨሩ ሣጥን ውስጥ ያለ፣ ከዲስኮቹ የተለየ ትንሽ ተቆጣጣሪ ነው። እያንዳንዱ ዲስክ በዓለም ላይ የማይደገም መለያ ቁጥር አለው፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ የትኛው ዲስክ በስንተኛው መሳቢያ እንደተሰካ ያውቃል። ኤስኢኤስ በተባለው መግባቢያ በኩል ሶፍትዌሩ «የመሳቢያ 17ን የብልሽት መብራት አብራ» ብሎ ያዘዋል።

ሥራውን ያለ ሰው እጅ የሚያከናውኑ ፕሮግራሞች አሉ። በሊኑክስ ሬይድ ላይ ሌድሞን የተባለው ከበስተጀርባ ሆኖ ዲስኮቹን ይከታተላል። ዜድኤፍኤስ የተባለው የመረጃ ማከማቻ ሥርዓትም የራሱ ጠባቂ አለው፤ ዲስኩ ሲበላሽ መብራቱን ያበራል፣ ሲተካ ያጠፋል። እኔ ብልህነቱን የማደንቀው በአንዲት ነገር ነው፦ የመሳቢያውን አድራሻ ዲስኩ በሕይወት ሳለ ይመዘግባል። ዲስኩ ከማሽኑ ዓይን ፈጽሞ ከተሰወረ በኋላ «የት ነበርክ?» ተብሎ አይጠየቅማ።

መብራቱም የራሱ ቋንቋ አለው። አምራቾች በተስማሙበት ልማድ ሳያቋርጥ የሚበራው የሞተውን፣ በሰከንድ አንድ ጊዜ ብልጭ የሚለው እየተሞላ ያለውን፣ በሰከንድ አራት ጊዜ የሚንቦገቦገው ደግሞ «የምትፈልገው እኔ ነኝ» የሚለውን ያመለክታል። ቀለሙ ግን ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ይህን ልማድ የማይከተል ሣጥንም አይጠፋም።

የብልሽት መብራት በሌለው ሣጥን የቆዩ ቴክኒሻኖች አንድ ዘዴ አላቸው። ጤነኞቹን ዲስኮች በሙሉ መረጃ እንዲያነቡ ያዟቸዋል፤ የሥራ መብራታቸው ሲርገበገብ ጨለማ ሆኖ የቀረው የሚፈለገው ነው።

ሰርቨር በኃላፊነት የያዛችሁ ሁሉ፣ ማሽኑ ጤነኛ ሳለ የእያንዳንዱን መሳቢያ መብራት በትእዛዝ እያበራችሁ ትክክለኛው መሳቢያ መብራቱን ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። የዲስኩን መለያ ቁጥርም በመሳቢያው ፊት ላይ ለጥፉ።