ለጠጠር መንገድ ልብስ

ይህን የምንጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ፣ ከልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። በአዲስ አበባ ብዙ የሰፈር መንገዶች ኮብልስቶን ለብሰዋል። ኮብልስቶን በመዶሻ የተጠረበ ድንጋይ ነው። ጠርበው ያነጠፉት ሥልጠና የወሰዱ ወጣቶች ናቸው፤ ሴቶችም ወንዶችም።

ታዲያ ገጠሩስ? የየቀበሌውን መንገድ በጥርብ ድንጋይ ማልበስ አይቻልም። መንገዱ ረጅም ነው።

በ2003 ዓ.ም. ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ተጀመረ። ዓላማው ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት ነበር። ብዙ መንገድ ተሠራ። ጠጠር ግን እንደተነጠፈ አይቀርም። በበጋ መኪና ሲያልፍ ደቃቁ አፈር አቧራ ሆኖ ይበናል። አቧራው ልጆችን ያስላል። ደቃቁ አፈር እኮ ጠጠሩን አጣብቆ የያዘው ነው! እሱ ሲሄድ ጠጠሩ ይላላል። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይወስደዋል፤ መንገዱም ይቆረጣል። ያን ጊዜ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ነው የምትሄደው።

ዘዴ አለው። ጠጠሩን ስስ የሬንጅ ልብስ ማልበስ ነው። አንዱ ዓይነት «ኦታ ሲል» ይባላል። ኦታ በኖርዌይ አገር ያለ ሸለቆ ነው። ቦትስዋና በዚህ ዘዴ ብዙ መንገድ ሠርታለች። በአገራችንም የመንገዶች ባለሥልጣን በ2003 ዓ.ም. ባወጣው መኪና ለማይበዛባቸው መንገዶች የተዘጋጀ መመሪያ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ግን ውሃ ነው። ቦዩ ይጠረጋል። ውሃው ወደ ጎን እንዲወርድ የመንገዱ መሃል ጎበጥ ይላል። ቦዩ ተደፍኖ ሳለ ሬንጅ ማፍሰስ ገንዘብን ወንዝ ውስጥ መጣል ነው። ከዚያ አቧራው ይጠረጋል፤ የጋለ ሬንጅ ይረጫል፤ ጠጠር ይበተናል፤ በመዳመጫ መኪና ደጋግሞ ይዳመጣል። ሬንጁ ያቃጥላል፤ ያለ ጓንትና ያለ ጫማ አይቀርቡትም።

የአካባቢው ሰው ሙያ ከዚህ በኋላ ይፈለጋል። ሬንጁ በጠጠሩ መካከል ወደ ላይ የሚወጣው መኪና ሲመላለስበት ነው። ተፈናጥሮ ዳር የወጣውን ጠጠር ለሳምንታት እየጠረጉ ወደ መሃል መመለስ ያስፈልጋል። መሐንዲሱ ያን ጊዜ ሄዷል።

የመንገድ ሥልጠና ለአገራችን አዲስ አይደለም። በዓለም ገና በማሽን፣ በጊንጪ በሰው ጉልበት መንገድ መሥራት ሲሰጥ ኖሯል። እኛ የምንለው፣ ሥልጠናው መንገዱ ዳር ለሚኖሩት ይድረስ፤ ሥራውም በደመወዝ ይሁን። በነፃ ጉልበት ጥገና አንድ ክረምት ይሠራል፣ ሁለተኛው ላይ ይረሳል።

ጉድጓድ መድፈንም ሙያ ነው። ጠርዙ ቀጥ ተደርጎ በአራት ማዕዘን ይቆረጣል። ልሉ አፈር ይወጣል። ውስጡ ሬንጅ ይቀባል፤ ሬንጅ በነካ ጠጠር ይሞላና ይጠቀጠቃል። መዳፍ የሚያክል ጉድጓድ በዚህ ያበቃል። ክረምት ካለፈበት ግን ግሬደር ያስጠራል።