አልነሣም ያለ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፦ ብልሽቱን በሰንሰለቱ ቅደም ተከተል መፈለግ

በብዙ ቤተ ሙከራዎች ጥግ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አይጠፋም። በሥራ ላይ የሚቆየው ምትክ መግዣ ገንዘብ በመታጣቱ ብቻ አይደለም፤ ከመለኪያ መሣሪያው ጋር የሚያገናኘው ካርድ ወይም ሲሪያል ፖርት በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ ስለማይገኝ፣ መሣሪያውን የሚያዘው ሶፍትዌርም ከዊንዶውስ ኤክስፒ ወዲህ በመጡት ሥርዓቶች ላይ ስለማይሠራ ጭምር ነው። እንዲህ ያለው ኮምፒውተር አንድ ቀን አልነሣም ሲል መጀመሪያ የሚሰማው ሐሳብ ብዙ ጊዜ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ሐሳቡ አደገኛ ነው፤ ጉድለቱ ሌላ ቦታ እያለ የዓመታት የመለኪያ ውጤት የያዘውን ዲስክ ያስጠርጋልና።

የኮምፒውተር አነሣሥ ሰንሰለት አለው። ገመዱ ሶኬት ላይ ሲሰካ፣ የማብሪያ ቁልፉ ገና ሳይነካ፣ ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት የተጠባባቂ ኃይል ለማዘርቦርዱ ይልካል። ቁልፉ ሲጫን ማዘርቦርዱ ፓወር ሰፕላዩን በሙሉ ኃይሉ እንዲሠራ ያዘዋል። የ12፣ የ5 እና የ3.3 ቮልት መስመሮች ሲረጉ ፓወር ሰፕላዩ ኃይሉ መስተካከሉን የሚገልጽ ምልክት ይመልሳል፤ ይህ ምልክት ካልደረሰ ፕሮሰሰሩ ሥራ አይጀምርም። ቀጥሎ ባዮስ ራሙንና የምስል ካርዱን ይፈትሻል። ሥርዓቱን ከሃርድ ዲስኩ ላይ ለማስነሣት የሚሞክረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ አንድም ፊደል ያላሳየ ኮምፒውተር በአብዛኛው ዲስኩ ዘንድ ሳይደርስ የቆመ ነው።

ፋኑም የማይዞር፣ መብራቱም የማይበራ ከሆነ ፍተሻው ከግድግዳው ይጀምራል፤ ሶኬቱ፣ ስታቢላይዘሩና ገመዱ በሌላ ዕቃ ይሞከራሉ። በአንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ መምረጫ አለች። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት በመሆኑ መምረጫዋ 230 ላይ መሆን አለባት፤ 115 ላይ ሆና የተሰካ ፓወር ሰፕላይ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ከዚህ በኋላ መልቲሜትር ያስፈልጋል። ኤቲኤክስ በተባለውና በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው ደረጃ መሠረት፣ ሐምራዊው ሽቦ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ማሳየት አለበት። ማሽኑ ከተነሣ ቢጫው ሽቦ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ይሰጣል። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን መክፈት ግን ለባለሙያ የሚተው ነው፤ በውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች እስከ 310 ቮልት ገደማ ስለሚይዙ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ሆነው ሊቆዩ ይችላሉ።

እጅግ የሚያታልለው ብልሽት ጠዋት እንቢ ብሎ፣ ከብዙ ሙከራ በኋላ ረፋዱ ላይ እንደ ጤነኛ የሚነሣው ኮምፒውተር ነው። ተጠቃሚው ነገሩን እንደ ማሽኑ ጠባይ ይለምደዋል፤ አንዳንዱም ጨርሶ እንዳያጠፋው ይመክራል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያረጀ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ እየደረቀ ሲሄድ የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ተቃውሞው ደግሞ በብርድ ይብሳል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ስለዚህ ተደጋጋሚው ሙከራ ራሱ ካፓሲተሩን እያሞቀ ለጊዜው ያስነሣዋል። በተለይ ከ1999 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ገደማ በተሠሩ ማዘርቦርዶች ላይ ጥራት የጎደለው ፈሳሽ የያዙ ካፓሲተሮች በብዛት ተገጥመው ነበር። ምልክታቸው በዓይን ይታያል፦ ጠፍጣፋ መሆን የሚገባው አናታቸው ያብጣል፣ ወይም ቡናማ ዝቃጭ ያወጣል። ሳያብጥ የሚበላሽም ስላለ ያላበጠ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። በካፓሲተር አምራቾች ዘንድ የታወቀው ግምት የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል የሚል ነው፤ አቧራ የደፈነው ፋን የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ ይገመታል።

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ራሞቹን ነቅሎ፣ ጥርሳቸውን በላጲስ አጽድቶ፣ አንድ በአንድ መልሶ መሞከር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ገመዱ ተነቅሎ ነው።

የሲሞስ ባትሪ የሦስት ቮልት ትንሽ ዕቃ ብትሆንም ለተመራማሪ ያላት ክብደት ከመጠኗ ይበልጣል። ስታልቅ ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል፤ ያልተስተዋለ እንደሆነም አዲሶቹ የመለኪያ ፋይሎች የብዙ ዓመት አሮጌ ቀን ይዘው ይመዘገባሉ። ከዚያም የከፋ አለ። የዲስኩ አሠራር ምርጫ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ተመልሶ ዊንዶውስ መነሣት ጀምሮ በሰማያዊ ስክሪን ሊቆም ይችላል። ዲስኩ ተበላሽቷል ተብሎ የሚጠረገው በዚህ ጊዜ ነው፤ መድኃኒቱ ግን አዲስ ባትሪና ባዮስ ውስጥ ገብቶ የቀድሞውን ምርጫ መመለስ ነበር።

ጥርጣሬው በእርግጥ ዲስኩ ላይ ካረፈ ዲስኩ ይወጣና በማገናኛ ገመድ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ተያይዞ፣ ምንም ሳይጻፍበት፣ ሙሉ ቅጂው ይወሰዳል። የሚንቋቋ ድምፅ የሚያሰማ ዲስክ ግን ለሙከራ ደጋግሞ አይበራም፤ እያንዳንዱ ማብራት የቀረውን መረጃ ሊያሳጣ ስለሚችል ወዲያው ጠፍቶ መረጃ ለሚያድን ባለሙያ ይሰጣል።