ነዳጅ በእውነት ውድ ነውን?

«ነዳጅ ጨመረ» የተባለ ዕለት በግምጃ ቤት ገበያ የማይጨምር ነገር የለም። የባጃጅ ሒሳብ ይጨምራል፤ ጨው ይጨምራል፤ ሳሙና ይጨምራል፤ ከጓሮ ተቆርጦ በሰው ትከሻ የመጣው ጎመን ስንኳ አብሮ ይጨምራል። ሻጩን ምክንያቱን ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፤ ነዳጅ! በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለዚሁ ነገር ጥቂት ለመጻፍ የተነሣሁት፣ ነዳጅ ውድ ነው ሲባል ዘወትር እሰማለሁ እንጂ በምን ሚዛን ተመዝኖ ውድ እንደ ተባለ የሚያስረዳኝ ሰው ስላላገኘሁ ነው።

አንድ ነገር ውድ ወይም ርካሽ የሚባለው ከሌላ ነገር ጋር ተነጻጽሮ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያ ነዳጅን ከሚሠራው ሥራ ጋር እናስተያየው። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይሰጣል። የመኪና ሞተር ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን በሙቀት መልክ አባክኖ ሩቡን ያህል ብቻ ለጎማው ያደርሳል፤ ይኸውም 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ብርቱ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር ውሎ የሚያወጣው ጉልበት ደግሞ ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እጅግም አይበልጥም። ስለዚህ ያ አንድ ሊትር የአንድን ጎልማሳ የአራት ቀን ጉልበት ይተካል ማለት ነው። ለአራት ቀን ቆፋሪ የሚከፈለውን የሚያውቅ ሰው፣ በዚህ ሚዛን ነዳጅን ውድ ሊለው አይችልም።

ነገሩን ወደ አገራችን ወደ አዊ እናምጣው። አንከሻ የድንች አገር መሆኑ ለአንባቢዎቼ የሚነገር አይደለም። ከእንጅባራ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 440 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 50 ኩንታል ድንች የጫነ አይሱዙ ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር ከ22 እስከ 23 ሊትር ናፍጣ ቢጠጣ፣ አዲስ አበባ እስኪደርስ 100 ሊትር ያህል ይጨርሳል። ይህን ለ50 ኩንታል ስናካፍለው ለአንዱ ኩንታል 2 ሊትር ይደርሰዋል። ሊትሩን በ100 ብር ብናስበው በኩንታል 200 ብር፣ በኪሎ 2 ብር ይሆናል። ለስሌት እንዲቀል 100 ብር አልኩ እንጂ፣ በ2017 ዓ.ም. በገና ሰሞን በአዲስ አበባ የወጣው የናፍጣ ዋጋ 98 ብር ከ98 ሳንቲም፣ የቤንዚኑም 101 ብር ከ47 ሳንቲም ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል።

ያንኑ ድንች በፈረስ እንጫነው ብንልስ? ፈረስ በአዊ ክብር ነው፤ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ በጥር ወር የሚያሳዩትን ትርዒት ያየ ሰው ፈረስን በጭነት ስም ማንሣቴን ላይወድልኝ ይችላል። ሆኖም ለሒሳብ ያህል ይፈቀድልኝ። አንድ ፈረስ 70 ኪሎ ተሸክሞ በቀን 35 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 50 ኩንታሉን ለማድረስ 70 የሚያህሉ ፈረሶች ለሁለት ሳምንት ያህል መጓዝ አለባቸው። ድርቆሹን፣ ገብሱን፣ የነጂዎቹንም ስንቅ ማሰብ ነው። መኪና ሲቆም አይበላም፤ ፈረስ ግን ቆሞም ይበላል።

እስካሁን ያየነው የነዳጅን አገልግሎት ነው። አሁን ደግሞ በማደያው ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ለምን እንዲህ በፍጥነት እንደ ወጣ እንመልከት። አገራችን ነዳጅን የምትገዛው በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ ነው። ቀድሞ በአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ ነበረን፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ሥራ ጀምሮ በ1997 ተዘጋ። ዛሬ የተጣራው ነዳጅ በመርከብ ጅቡቲ ይደርስና በቦቴ ወደ መሀል አገር ይመጣል። ቦቴውም ነዳጅ ለማምጣት ነዳጅ ይጠጣል። ዋጋውን የሚወስነው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ለሚገኙ ከተሞች የማጓጓዣው እየታሰበ ይስተካከላል።

በ2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን በአዲስ አበባ 31 ብር ከ74 ሳንቲም የሚሸጥበት ጊዜ ነበር። ይህ ግን እውነተኛው ዋጋ አልነበረም፤ ቀሪውን መንግሥት ይሸከም ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ሲገባ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሣት ጀመረና ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆነ። ያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 52 ብር ያህል ስለ ነበረ፣ የሊትሩ ዋጋ 92 የዶላር ሳንቲም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በ2017 ዓ.ም. በገና ሰሞን ዶላሩ 125 ብር ገደማ ደርሶ ነበር። 101 ብር ከ47 ሳንቲሙን ለዚህ ብናካፍለው 81 የዶላር ሳንቲም ይመጣል።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስተውል! በብር ሲቆጠር ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ በዶላር ሲቆጠር ግን ቀንሷል። በመካከሉ የድፍድፍ ዘይት ዋጋ በዓለም ገበያ ረክሷል፤ የእኛ ብር ደግሞ ከዚያ በበለጠ ወርዷል። በዚያው ወር በጎረቤታችን በኬንያ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ170 ሺልንግ በላይ፣ ማለት ከ1 ዶላር ከ30 ሳንቲም በላይ ይሸጥ ነበር።

ታዲያ ሕዝቡ ውድ ነው የሚለው በሐሰት ነውን? አይደለም። የነዳጅ ዋጋ ለሀብታም አገርና ለድኻ አገር እጅግም አይለያይም፤ ሁለቱም የሚገዙት ከአንድ ገበያ ነው። የሚለያየው የገዢው ገቢ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የደመወዝ ማሻሻያ ሲደረግ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 4,760 ብር ሆኖ ነበር። ይህ ገንዘብ በሙሉ በዚያ ዘመን ዋጋ 47 ሊትር ቤንዚን ያህል ይገዛል፤ የአንዲት አነስተኛ አውቶሞቢል ጋን ሞላ ማለት ነው። የወር ድካሙ በአንድ ጋን ለሚያልቅ ሰው፣ በናይሮቢ ከዚህ የበለጠ ይከፈላል ማለት ምንም አያጽናናውም።

መንግሥታትም ይህን በደንብ ያውቃሉ። በ1966 ዓ.ም. ከአረቦችና ከእስራኤል ጦርነት በኋላ የዘይት ዋጋ በዓለም ገበያ አራት እጥፍ ያህል ሆነ። በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የነዳጅ ጭማሪውን ተቃውመው ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ሰሞን መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ ሥራ አቁመው ነበር። መንግሥት ዋጋውን ዝቅ ቢያደርግም ነገሩ በዚያ አልበረደም፤ ዓመቱ ሳይገባደድ የተከተለውን አብዮት ታሪክ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ግምጃ ቤት ልመለስ። እዚህ አብዛኛው ሰው መኪና የለውም፤ ስለዚህ ነዳጅ አይገዛም ይባል ይሆናል። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ይገዛል። ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው፣ በጅቡቲ በኩል የሚገባው ማዳበሪያ፣ ስኳሩና ቆርቆሮው ሁሉ የመንገዱን ዋጋ ተሸክሞ ይደርሰናል። ገበሬው ድንቹን ሲሸጥ ደግሞ ነጋዴው የአዲስ አበባውን ዋጋ አስቦ፣ የመንገዱን ቀንሶ፣ የተረፈውን ይሰጠዋል። ስንገዛ ይደመርብናል፤ ስንሸጥ ይቀነስብናል። ከዚህም ላይ ድንች ከባድና ርካሽ ዕቃ ነው። ለቡና 2 ብር በኪሎ ቢጨመር ማንም ልብ አይለውም፤ መከር ደርሶ ገበያው በድንች በተጥለቀለቀ ጊዜ ግን 2 ብር ቀላል ነገር አይደለም። በፋግታ ለኮማ ከዲከረንስ የሚከሰለው ከሰልም እንደዚሁ ነው፤ ቦታ ይይዛል፣ ሩቅ ይሄዳል።

ሌላው ችግር በሰሌዳው የተጻፈውና በእጅ የሚከፈለው አለመመሳሰላቸው ነው። ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ በመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሸጥ ያላየ የለም። የባጃጅ ነጂው ወይ ከጠርሙሱ በእጥፍ ይገዛል፣ ወይ ተሰልፎ ይውላል። ተሰልፎ የዋለበት ቀን ገቢ የሌለው ቀን ነው፤ ልጆቹ ግን በዚያም ቀን ይበላሉ። ያን ቀን በማግሥቱ ከተሳፋሪው ላይ ያወጣዋል። ይህ ወጪ በሚኒስቴሩ ሰንጠረዥ ላይ የለም፤ እኛ ግን እንከፍለዋለን። በእኔ አስተያየት የሊትሩ ዋጋ ከመጨመሩ ይልቅ የሊትሩ አለመገኘት የበለጠ ይጎዳናል።

ስለዚህም ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ምን ያህል መጨመር እንደሚገባ ማስላት ይጠቅማል። ናፍጣ በሊትር 10 ብር ቢጨምር፣ ከላይ ባየነው ስሌት የድንቹ ጭነት በኩንታል 20 ብር፣ በኪሎ 20 ሳንቲም ብቻ መጨመር አለበት። ከእንጅባራ እስከ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 12 ሰው የያዘ ሚኒባስ 13 ሊትር ያህል ቢጨርስ ለአንዱ ተሳፋሪ ከ1 ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ይደርሰዋል። ስለዚህ በሊትር 10 ብር ሲጨምር ለተሳፋሪው የሚገባው ጭማሪ 11 ብር ገደማ ነው። 50 ብር የተጨመረ እንደሆነ 39 ብሩ የነዳጅ አይደለም።

ይህን ሒሳብ ድንች ለሚያመርቱት ለአባቴ አነበብኩላቸው። አዳምጠው ሲያበቁ «ነዳጁ በኪሎ 2 ብር ብቻ ከሆነ፣ እኔ ከምሸጥበትና አዲስ አበባ ከሚሸጥበት መካከል ያለውን የቀረውን ማን ወሰደው?» አሉኝ። ጥቂቱን መናገር እችላለሁ። መኪናው ባዶውን የተመለሰ እንደሆነ የመልሱም ናፍጣ በድንቹ ላይ ይታሰባል። ጎማና መለዋወጫ በዶላር የሚገቡ ናቸው። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጫኝና አውራጁ፣ ደላላው ድርሻ ድርሻቸውን ይይዛሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ድንቹ በጆንያ ውስጥ እንዳለ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰውን ዋጋ የሚከፍለው ያልበሰበሰው ነው። አባቴ «እንግዲያማ የናፍጣ ስም ነው የሚጠፋው» ብለው ሳቁ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የዓባይ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ጎዳና በኤሌክትሪክ የሚሄዱት አውቶሞቢሎች እየበዙ ነው። የአንከሻን ድንች የሚጭነው አይሱዙ ግን ዛሬም የሚሄደው በናፍጣ ነው።