ቅዳሜ ማታ የሚዘለለው ኪኒን

ቅዳሜ ማታ ኪኒኑን ሳይውጥ የሚያድር ሰው አለ። ረስቶት አይደለም፤ ሆን ብሎ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒትና መጠጥ ከተገናኙ መርዝ ይሆናሉ ሲባል ሰምቷል። ጠጥቷልና ለራሱ ተጠንቅቆ መድኃኒቱን ይተዋል። በማግስቱ ደግሞ ከጫት በኋላ ጨብሲ የሚባለው መጠጥ አለ። በአሜሪካ አትላንታ የተደረጉ ጥናቶች መድኃኒቱና መጠጥ መርዝ ይሆናሉ ብለው የሚያምኑ ታካሚዎች በጠጡ ጊዜ መድኃኒት የመዝለል ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። “አትጠጣ” የሚለው ምክር ብቻውን ሲሰጥ ሰሚው “ከጠጣሁ አልወስድም” ብሎ ይወስደዋል።

ዛሬ በአገራችን አብዛኛው ታካሚ በቀን አንዴ የሚውጠው ኪኒን ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የተባሉ ሦስት መድኃኒቶችን ይዟል። ከአልኮል ጋር ተገናኝተው መርዝ አይሆኑም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንዲያውም የጉበት ቫይረስ የሆነውን ሄፓታይተስ ቢንም ጭምር ያፍናሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኤች አይ ቪ በአገራችን ከ100 አዋቂዎች ከአንድ ባነሱት ላይ ሲገኝ፣ ሄፓታይተስ ቢ ግን ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከ100 ሰው 7 ገደማ የሚሆኑትን ይዟል። ክትባቱ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ መጠጥ ቤት የሚያመሸው ትውልድ በአብዛኛው አልተከተበም። ብዙው ሰው ቫይረሱ እንዳለበት የሚያውቀው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ነው። ያኔም “የወፍ በሽታ ነው” ተብሎ ቅጠል ይቀጠቀጥለታል።

ሁለቱም ቫይረሶች ያሉበት ሰው ኪኒኑን ሲያቋርጥ፣ ታፍኖ የቆየው ሄፓታይተስ ሊያገረሽና ጉበቱን በድንገት ሊያቆጣው ይችላል። በዚያ ላይ መጠጥ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ለመረዳት ከአንጀት መጀመር ያስፈልጋል። የአንጀት ግድግዳ ምግቡን አሳልፎ ባክቴሪያውን የሚያስቀር አጥር ነው። ኤች አይ ቪ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዚህ አጥር ላይ የቆሙትን ሲዲ4 የተባሉ ሕዋሳት በብዛት ይገድላል፤ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላም ሙሉ በሙሉ አይተኩም። አልኮል ደግሞ ግድግዳውን የሠሩትን ሕዋሳት መጋጠሚያ ያላላል። በዚህ ክፍተት የባክቴሪያ ስብርባሪ ያልፍና ከአንጀት ወደ ጉበት በሚወስደው የደም ሥር ይጓዛል። የጉበት ዘበኛ ሕዋሳት ጠላት መጣ ብለው የብግነት ኬሚካሎችን ይረጫሉ። ይህ ለአንድ ቀን ቢሆን ይበርድ ነበር። በየቀኑ፣ ለዓመታት ሲደጋገም ግን ጉበት በጠባሳ ይሞላል፤ ሲሮሲስ የሚባለው ይኸው ነው። ሰውየው እስከዚያ ድረስ ምንም ላያመው ይችላል።

ብግነቱ ጉበት ላይ አይቆምም። በ33 አገሮች ከ5,400 በላይ ሰዎችን ያሳተፈው ስማርት የተባለ ጥናት በሐኪም ዕቅድ መድኃኒታቸውን ያቋረጡትን ካላቋረጡት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ካላቋረጡት ይልቅ ያቋረጡት በብዛት ስለታመሙና ስለሞቱ ምዝገባው እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ላይ ቆመ። ልባቸው፣ ኩላሊታቸውና ጉበታቸውም ይበልጥ ተጎድቶ ነበር፤ በደማቸው የብግነት ምልክት ከፍ ያለባቸው ደግሞ ለሞት የቀረቡ ሆነው ተገኙ። እዚያ የተቋረጠው ለረጅም ጊዜ ነው፤ የአንድ ቅዳሜ ከዚያ እኩል አይደለም። የየሳምንቱ ቅዳሜ ግን ያስፈራኛል።

መጠጡ ሳይቆም ጉዳቱን ለመቀነስ አቋራጭ መንገድም ተሞክሯል። በሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ ከቫይረሱ ጋር ለሚኖሩ ብርቱ ጠጪዎች ዚንክ ተሰጥቷቸው ነበር፤ የሞት አደጋቸውን አልቀነሰም።

በአገራችን ነፃ የኤች አይ ቪ ሕክምና ከተጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ኪኒን መቁጠርን በደንብ ተምረናል። ስለ መጠጥ ማውራትን ግን አልተማርንም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውርዷል፤ መልካም ነው። አረቄ ግን ድሮም ማስታወቂያ አልነበረውም፤ ጎረቤት ቤት ይሸጣል። ታካሚው ተቆጪ እንዳይገጥመው መጠጡን ይደብቃል፣ ነርሷም አትጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የመጠጥ ልማድ መለኪያ ግን አሥር ጥያቄ ብቻ ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ቫይረሱ በደማችሁ ያለ ወገኖቼ፣ ጠጥታችሁም ቢሆን ኪኒናችሁን ዋጡ። ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ አይሶኒያዛይድ የምትወስዱ ግን እሱ ከመጠጥ ጋር ጉበት ስለሚጎዳ መጠጣችሁን ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት። የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ እንዲደረግላችሁ ጠይቁ፤ ሲ ከተገኘ በጥቂት ወራት ኪኒን የሚድን ነው። በየቀኑ ብዙ የምትጠጡ ደግሞ ብቻችሁን በአንድ ቀን አትቁረጡ። መንቀጥቀጥና የሚጥል ዓይነት መንፈራገጥ ሊያመጣ ስለሚችል በሕክምና ክትትል አቁሙ። በኤች አይ ቪ ሕክምና (ኤአርቲ) ክፍል ያላችሁ ባለሙያዎችም በሚቀጥለው ቀጠሮ ኪኒኑን ከመቁጠራችሁ በፊት፣ ሳትቆጡ፣ “ቅዳሜ እንዴት ነበር?” በሏቸው።