እውነት ወይስ ተረት? መሸኛ የሌለው ተፈናቃይ አይታከምም?

ለገጣፎ ዘመድ ቤት ተጠግቶ ለሚኖር ተፈናቃይ ከሕመሙ ይልቅ የሚያስጨንቀው ካርድ ክፍሉ ነው። «የዚህ ቀበሌ መታወቂያ የለን፣ መሸኛ የለን፤ ማን ያክመናል?» ይባላል። ከአፍ አፍ ሲዞር ሕግ መስሏል እንጂ ተረት ነው።

ኢትዮጵያ የካምፓላ ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች። ስምምነቱ መንግሥት ለአገር ውስጥ ተፈናቃይ ምግብ፣ ውኃ፣ መጠለያና ሕክምና በተቻለ መጠን ሳይዘገይ እንዲያቀርብ ግዴታ ይጥላል። አንቀጽ 13 ደግሞ ሰነድ አለመያዝ የማንንም ተፈናቃይ ሰብዓዊ መብት እንደማያጓድል ይደነግጋል። የጠፋ መታወቂያ ለመተካት «መጀመሪያ ወደመጣህበት ተመለስ» ማለትም አይፈቀድም። ተኩስ የሸሸ ሰው መሸኛ አጽፎ ይወጣል ብሎ ማሰብስ ምን የሚሉት ነው? «በተቻለ መጠን» የምትለው ሐረግ ግን ቀላል አይደለችም፤ መድኃኒት ያለቀበት ጤና ጣቢያም ያሳብብባታል።

«ተፈናቃይ ማለት ጦርነት የሸሸ ብቻ ነው» የሚልም አለ። በመስከረም 2011 በቡራዩ የደረሰውን ጥቃት ሸሽተው አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያደሩት በጦርነት አልተፈናቀሉም። በዚያው ዓመት የካቲት ለገጣፎ ቤታቸው የፈረሰባቸውስ? ስምምነቱ በአንቀጽ 10 ከልማት ፕሮጀክት ስለሚመጣ መፈናቀልም ይናገራል። ድንበር ተሻግሮ የመጣው ስደተኛ ሌላ ሕግ አለው፤ አዋጅ 1110/2011 ባለው የጤና አገልግሎት እንዲጠቀም ይፈቅድለታል።

«ለተፈናቃይ ሁሉም ነፃ ነው» የሚለው ግን ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ለማንም ሰው ነፃ ናቸው፤ ተፈናቃይ መሆንም አያስፈልግም። የቲቢ ሕመምተኛ በመታወቂያ ሰበብ መድኃኒቱን ካቋረጠ በሽታው መድኃኒት ሊለምድ ይችላል፤ ያኔ ጣጣው ለጎረቤትም ይተርፋል። ድንገተኛ ሕመምም ክፍያ ሳይቀድም መታከም አለበት።

ስኳርና ደም ግፊት ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ለነዚህ የሚያግዘው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚያገለግለው ውል ባሰረው ተቋም ነው፤ ሩቅ ወረዳ የወጣ ደብተር እዚህ ላይሠራ ይችላል። መንግሥት መዋጮ የሚከፍልላቸውን «የደሃ ደሃ» የሚመለምለው ቀበሌ ነው። ቀበሌው ነዋሪ ነህ የሚለው በመታወቂያ ነው፤ መታወቂያውም መሸኛ ይጠይቃል።