ሁለገብ ስፖርተኛ፦ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሥራ ዘመን
(በልደታ ግቢ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ። ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)



በስፖርት «ሁለገብ» የሚለውን ቃል በጠባብና በጥብቅ ትርጉም የሚጠቀሙበት እንግሊዞች ናቸው፤ እርሱም በክሪኬት ጨዋታ። ክሪኬት ለአብዛኞቻችን እንግዳ ስለሆነ በአጭሩ ላስረዳ። አንዱ ተጫዋች ኳስ ይወረውራል፤ ዓላማው ከመቺው ጀርባ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች መምታት ነው። መቺው ደግሞ በያዘው ሰፊ እንጨት እነርሱን እየተከላከለ ኳሱን አርቆ ይመታና በሩጫ ነጥብ ይሰበስባል። ተጫዋቾች ብዙውን ጊዜ ለቡድን የሚመረጡት ከእነዚህ ሙያዎች በአንዱ ነው። በሁለቱም የሚመረጠው ጥቂቱ ሰው «ሁለገብ» ይባላል።

ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ባሲል ዶሊቬራ ነበር። ኬፕታውን ተወለደ። የደቡብ አፍሪካ የዘር ሕግ «ክልስ» ብሎ ስለ መደበው ለተወለደበት አገር መጫወት አልቻለም፤ በ1952 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ተሰደደ፤ በ1958 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። በነሐሴ 1960 ለንደን ላይ በአውስትራሊያ ላይ 158 ነጥብ ብቻውን ሰበሰበ። እንዲህም ሆኖ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሚጓዘው ቡድን ስም ዝርዝር ሲወጣ የእርሱ ስም አልነበረበትም። ጉምጉምታው በረታ፤ አንድ ሌላ ተጫዋች በጉዳት ሲቀር ዶሊቬራ ተተካ። የፕሪቶሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር ይህን ቡድን አልቀበልም አሉ፤ ጉዞው በመስከረም 1961 ተሰረዘ። ደቡብ አፍሪካን ከዓለም የክሪኬት ሜዳ ለረጅም ዘመን ያስወጣው ሂደት በዚህ ተጀመረ።

ይህን ያነሣሁት የዛሬው ርእሴ የሆኑት ሰው ከዚያ ግንብ ጋር የተጋጠሙት ከ11 ዓመት በፊት ስለሆነ ነው። የተጋጠሙትም በክሪኬት ሳይሆን በእግር ኳስ፣ በተጫዋችነት ሳይሆን በስብሰባ ወንበር ላይ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በዘመን መለወጫ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ባለቅኔና ድምፀ መረዋ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ የአውቶሞቢልንም ሙያ የተማሩ። በአንድ ሰው ብዙ ሙያ መያዝ ለዚህ ቤት አዲስ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች ሲቋቋም ይድነቃቸው ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ነበሩ። ከወራት በኋላ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፉ ሰዎች ይህን ዘመን በአንድ መስመር አልፈውት ወደ ዋንጫው ይሮጣሉ።

ወራሪው ኳስን አልከለከለም። ይልቁንም በሥርዓት አደራጀው፤ ሥርዓቱ ግን የዘር ሥርዓት ነበር። ኢጣልያኖች ከኢጣልያኖች፣ «የአገሬው ተወላጆች» ከተወላጆች እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ሁለቱ በአንድ ሜዳ በተቃራኒነት እንዲሰለፉ አልተፈቀደም። የጊዮርጊስም ስም ተለውጦ ቡድኑ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ወጣት ከ15 ዓመቱ እስከ 20 ዓመቱ ድረስ፣ የተጫዋች ጉልበትና ጥበብ በሚበስልበት ዘመን፣ ማንን መግጠም እንደሚችልና እንደማይችል የሚወስንለት የቆዳው ቀለም ነበር። አሸናፊነቱን የሚያስመሰክርበት ተቃራኒ ተነፈገ። የተለያየ የዘር ሜዳ ምን ማለት እንደሆነ በኋላ በስብሰባ አዳራሽ ሲከራከሩ ከመጽሐፍ ያገኙትን አልነበረም የሚናገሩት።

ከነጻነት በኋላ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1936 በተደረገው የመጀመሪያ የሊግ ውድድር ጊዮርጊስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን፣ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራትና የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ በአንድ ዋንጫ ተወዳደሩ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ይህ ሽንፈት ለእኔ ከብዙ ድል ይበልጥ ይከብራል፤ ቢያንስ ሁሉም ከሁሉም ተጫውቷልና።

ይድነቃቸው ለጊዮርጊስ እስከ 1950 ዓ.ም. ተጫወቱ፤ ሃያ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው። ዘወትር የሚጠቀሰው ቁጥር 365 ጨዋታና 318 ግብ ነው። በመካከላችን የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ካለ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ አንዱ የዓመቱ ቀናት፣ ሌላው በኒቅያ የተሰበሰቡት ሊቃውንት ቁጥር ነው። የታሪክ ተማሪ እንዲህ የገጠመ ቁጥር ሲያይ ቆም ብሎ ቢያስብ ጥሩ ነው። ለብሔራዊ ቡድን ደግሞ 15 ጊዜ መሰለፋቸው ይነገራል። ብሔራዊ ቡድናችን የመጀመሪያ ግጥሚያውን ያደረገው በ1940 ሲሆን የፈረንሳይ ሶማሌላንድን ቡድን 5 ለ 0 አሸንፏል።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላል ያገራችን ሰው። ይድነቃቸው ወጥተዋል፤ ስንት ዛፍ ላይ እንደወጡ መቁጠር ያስቸግራል። ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ፣ በኋላም የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል። ይህ በእንግሊዝ እንደሚባለው የሁለት ተሰጥዖ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በዚያ ሁለገብ ሰው የሚፈጠረው በተትረፈረፈ ክለብና ሊግ መካከል ነው፤ እዚህ ግን ደንቡን የሚጽፍ፣ ቡድኑን የሚያሠለጥን፣ ከውጭ አገር ጋር የሚጻጻፍ ሌላ ሰው ስላልነበረ አንዱ ሰው ሁሉንም ሆነ። ሁለገብነቱ የእጥረት ልጅ ነው።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ተመሠረተ። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ የሚበር ሰው የሚነሣው ከዚህ ከልደታ ሜዳ ነበር፤ ሰፈሩ ዛሬም ኦልድ ኤርፖርት የሚባለው ስለዚህ ነው። የአየር መንገዳችን የመጀመሪያ መደበኛ በረራ በ1938 ከዚያ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ መድረሱም ይታወሳል። የእግር ኳሳችን የመጀመሪያ ታላላቅ ተቀናቃኞችም በዚያው በዓባይ መስመር ላይ ነበሩ፦ ሱዳንና ግብፅ።

መሥራቾቹ አራት ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው ሰሞን እዚያው ካርቱም እንዲካሄድ ታቀደ። የደቡብ አፍሪካ ተወካይ ቡድናቸው ወይ ነጮች ብቻ፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት እንደሚሆን፣ የተቀላቀለ ግን እንደማይመጣ አስታወቁ። የቀሩት ሦስቱ አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ሥራው የይድነቃቸው ብቻ አልነበረም፤ ሱዳኖቹና ግብፆቹ ያልቆሙበት ውሳኔ ሊጸና አይችልም ነበር። ሆኖም ከተሰብሳቢዎቹ መካከል «ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ» የሚለውን ደንብ በወጣትነቱ በገዛ አካሉ የኖረ ሰው ነበረ።

አንድ ዝርዝር አለ፤ ተቺ ቢያነሣው አግባብ ነው። በዕጣው መሠረት ደቡብ አፍሪካ የምትገጥመው ኢትዮጵያን ነበር። ስለዚህ በውሳኔው የተጠቀመችው ኢትዮጵያ ናት፤ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ይሁን እንጂ ጥቅሙ ብዙም አልቆየ፤ በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ያገባው አንድ ሰው፣ አድ-ዲባ የሚባለው ነው።

አምስት ዓመት አለፈ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ፣ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በአዲስ አበባ ስታዲየም ተደረገ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ናቸው። ተቃራኒው ያው የግብፅ ቡድን፣ በዚያን ጊዜ ስሙ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ግርማ ተክሌ አንዱን፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሌላውን መለሱ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡ፤ 4 ለ 2። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ስለዚህ ጨዋታ ብዙ ተብሏል፤ እኔን የሚስበው ግን የሰልፉ ስብጥር ነው። ሉቺያኖና ኢታሎ ወንድማማቾች ናቸው፤ አባታቸው ኢጣልያዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት። የፋሺስቱ ሕግ እንዲህ ያለውን ልጅ ለማንም እንዳይሆን አድርጎ ነበር የደነገገው፤ በኬፕታውንም ዶሊቬራን ከሜዳ ያስቀረው የዚሁ አምሳያ ምደባ ነው። በልጅነቱ ከኢጣልያኖች ጋር እንዳይጫወት የተከለከለው ሰው የኢጣልያዊውን ልጆች አሰልፎ አፍሪካን አሸነፈ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሥራ ዘመን በአብዛኛው የደብዳቤና የድምፅ ቆጠራ ታሪክ ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። ለ1958ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽንያ በጋራ አንድ ቦታ ብቻ ሰጠ። የጋናው ኦሄኔ ጃንና የእኛው ይድነቃቸው ተቃውሞውን መሩ፤ የአፍሪካ ቡድኖች በሙሉ ከማጣሪያው ወጡ። ፊፋ ቀጣ፤ ነገር ግን ለቀጣዩ ዋንጫ ለአፍሪካ የራሷን ቦታ ሰጠ፤ በ1962 ሞሮኮ ሜክሲኮ ላይ ተጫወተች። በዚህ ሁሉ ከፊታቸው የነበሩት የፊፋ ፕሬዚዳንት ሰር ስታንሊ ራውስ ራሳቸው ሁለገብ እንግሊዛዊ ነበሩ፤ ስመ ጥር ዳኛ የነበሩ፣ የጨዋታውንም ሕግ እንደገና የጻፉ። ራውስ ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም ብለው ያምኑ ስለነበር በ1955 የደቡብ አፍሪካ እገዳ እንዲነሣ አደረጉ፤ በ1957 ቶኪዮ ላይ ጉባኤው መልሶ አገዳት። የራውስን ቅንነት አልጠራጠርም። ነገር ግን ፖለቲካን ወደ ሜዳ ያስገባው ተጫዋቾችን በቀለም የለየው ነው ወይስ ይህን የተቃወመው የሚለው ጥያቄ በእርሳቸው አፍ መልስ አላገኘም።

ይድነቃቸው በ1964 የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚያው ቆዩ። በሐምሌ 1968 የፊፋ ጉባኤ ሞንትሪያል ላይ ደቡብ አፍሪካን ፈጽሞ አባረረ። በዚያው ወር፣ በዚያችው ከተማ፣ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ ምክንያት የአፍሪካ አገሮች ኦሊምፒኩን ጥለው ወጡ፤ ኢትዮጵያም አብራ። ዋጋውን የከፈሉት አትሌቶቹ ናቸው። ምሩጽ ይፍጠር ዕድሉን አጥቶ አራት ዓመት ጠበቀ፤ ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ አገኘ። እርሱ ዕድሜና ጉልበት ጠበቀለት፤ ያልጠበቀላቸውም አሉ። ለመርሕ የሚከፈል ዋጋ ብዙውን ጊዜ መርሑን በድምፅ ያጸደቀው ሰው ኪስ ውስጥ እንደማይገኝ ማስታወስ ይገባል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተሟገቱበት ሌላ ነገር የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መሄድ ነው። ምርጦቻችን እየወጡ ካለቁ የእኛ ሊግ ባዶ ይቀራል፣ ዓለምንም በራሳችን ቡድን ማሸነፍ አንችልም ይሉ ነበር። በዚህ አልስማማም። ባለ ጥበብ በጥበቡ የመኖር መብት አለው፤ አማተርነት ሌላ መተዳደሪያ ላለው ሰው ይቀልላል። ዛሬ ባዶ የቀሩትን የአህጉሪቱን ስታዲየሞች ሳይ ግን ፍርሃታቸው መሠረት እንደነበረው አልክድም።

በአገር ቤትስ? ኢትዮጵያ በ1974 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ከተሳተፈች በኋላ እስከ 2005 ድረስ አልተመለሰችም። ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ አብዮቱ፣ ጦርነቱ፣ ረኀቡ ነበሩ። እንደ እኔ ግን አንድ ሰው ጸሐፊም አሠልጣኝም ዲፕሎማትም ሆኖ የተሸከመው ቤት ተተኪ የሚያወጣበትን ልማድ አልተማረም። ሰውየው ወደ አህጉሩ ሥራ ከፍ ሲሉ የለቀቁትን ቦታ የሚሞላ ብዙ እጅ አልተዘጋጀም ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ አዲስ አበባ ላይ በካንሰር ሕመም ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ ወደ አፍሪካ እግር ኳስ ቤተሰብ የተመለሰችው ከእርሳቸው ሞት በኋላ ነው። በ1988 ዓ.ም. ዋንጫውን በአገሯ አስተናግዳ አሸነፈች፤ በጆሃንስበርግ ስታዲየም ኔልሰን ማንዴላ በተገኙበት ዋንጫውን ከፍ ያደረገው አምበሉ ኒል ቶቪ ነጭ ሲሆን፣ በፍጻሜው ሁለቱንም ግቦች ያገባው ማርክ ዊሊያምስ ደግሞ እንደ ዶሊቬራ የኬፕ ክልስ ነበር።

ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ ልተው።