የሀኮዳቴው ሚግ-25

የሀኮዳቴው ሚግ-25 ጳጉሜ 1 ቀን 1968 ዓ.ም. (6 ሴፕቴምበር 1976 እ.ኤ.አ.) በጃፓን ሀኮዳቴ የሲቪል አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያውን አልፎ የቆመ የሶቪየት ኅብረት ተዋጊ ጀት ነው። አውሮፕላኑ ባይወድምም ወደ አገሩ የተመለሰው እየበረረ ሳይሆን ተፈታቶ በ30 ሣጥኖች ነው።

አወራረዱ

አብራሪው ቪክቶር ቤሌንኮ በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ከቹጉየቭካ የአየር ሰፈር ለልምምድ ተነሥቶ ከጓዶቹ ተለየ። ከራዳር ለመሰወር ባሕሩን ተጠግቶ ዝቅ ብሎ በረረ። የጃፓን ራዳሮች አንድ ጊዜ ቢያዩትም ኋላ ጠፋባቸው፤ ሊጠልፉት የተላኩት ተዋጊዎችም አላገኙትም። ቤሌንኮ ያሰበው ቺቶሴ በተባለው የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ለማረፍ ነበር። ሆኖም ደመናው ስለከለከለውና ነዳጁ ስላለቀበት ሀኮዳቴ ላይ ወረደ። ማኮብኮቢያው ለዚህ ከባድ ጀት አጭር ስለነበር 240 ሜትር ያህል አልፎ ሄደ፤ የፊት ጎማውም ተጎዳ። አብራሪው ግን በሕይወት ተረፈ።

ምርመራው

ሶቪየት ኅብረት አውሮፕላኑ ሳይነካ እንዲመለስ ጠየቀች። ጃፓን ግን በአሜሪካ ሲ-5 የጭነት አውሮፕላን ወደ ሃያኩሪ የአየር ሰፈር አዛወረችው፤ በዚያም የአሜሪካና የጃፓን ባለሙያዎች ፈታተው መረመሩት።

ምዕራባውያን ሚግ-25ን እጅግ ፈጣንና በቀላሉ የሚተጣጠፍ አድርገው ይገምቱት ነበር። ምርመራው ያሳየው ሌላ ነው። አካሉ በአብዛኛው ከኒኬል ብረት የተሠራ በመሆኑ ከባድ ነበር። ራዳሩ ኃይለኛ ቢሆንም የሚሠራው በቫኪዩም ቱቦዎች ነበር። ከድምፅ ፍጥነት 2.8 እጥፍ በላይ ሲበር ሞተሮቹ ይጎዱ ነበር። ስለዚህ ጀቱ ለቅርብ የአየር ፍልሚያ ሳይሆን በከፍታ የሚመጣን ቦምብ ጣይ በፍጥነት ደርሶ ለመምታት የተሠራ መሆኑ ታወቀ።

ውጤቱ

ሣጥኖቹ ኅዳር 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በመርከብ ከጃፓን ወጡ። ጃፓን ለማጓጓዣና ለደረሰው ጉዳት 40,000 ዶላር ስትጠይቅ፣ ሶቪየት ኅብረት በበኩሏ 10 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ጠየቀች። ምሥጢሩ ስለወጣ ሶቪየቶች ራዳሩን ቀይረው ሚግ-25ፒዲ የተባለውን የተሻሻለ ዓይነት ሠሩ። ጃፓንም ዝቅ ብሎ የሚመጣን አውሮፕላን ለማየት ኢ-2ሲ የተባሉ የአየር ላይ ራዳር አውሮፕላኖችን ገዛች። ቤሌንኮ በፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ፈቃድ በአሜሪካ ጥገኝነት አግኝቶ በዚያው ኖረ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. አረፈ።